«ኢትዮጵያ» ስለ ተባለችው የጦር መርከብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)

በዛሬው በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል አንድ ንግግር እንዲደረግ በተወሰነ ጊዜ፤ ርእሱን እንድንመርጥ ለእኛ ተፈቀደልን። ከመካከላችን ስለ እርሻ ይሁን ያለ ነበረ፤ ስለ ጤና አጠባበቅ ይሁን ያለም ነበረ። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ስለ አንዲት የጦር መርከብ እንድንናገር ነው። ይህን ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ እናውቃለን። ከተማችን ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በየቀኑ የምናየው ትልቁ ውሃ በረሳ ነው፤ እርሱንም በበጋ ሕፃን ልጅ ይሻገረዋል። ከእኛ ብዙዎቹ መርከብ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማነው ከኖኅ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የኖኅ መርከብም ያረፈችው በተራራ ላይ ስለ ሆነ፤ የደጋ ሰው ስለ መርከብ ቢናገር ነውር አይሆንበትም።

ደግሞም የእኛ አገር ከባሕር ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፤ ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው የግመል መንገድ መጨረሻው ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ነበረ። በዚያ መንገድ ጨው ከአሳል ሐይቅ ይመጣ ነበረ፤ ጨርቅና ጠመንጃም ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበረ። ከዚህ ወደ ባሕር ከሚወርደው መካከል ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን፤ መናገሩ ቢያሳዝንም፤ በባርነት የተሸጡ ሰዎችም ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሕንድ አገር በመርከብ ታጁራ ከደረሰ በኋላ በዚሁ መንገድ ወጥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቀርቦ የወዳጅነት ውል ተዋዋለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር እንዲሁ ለአገሩ ውል አደረገ። እነዚህ ሰዎች እስከ አንኮበር ተራራ የወጡት የሸዋን ነፋስ ፈልገው አልነበረም። ንጉሡም የተቀበሏቸው ለወሬ አልነበረም። ከባሕር ርቆ የሚኖር መንግሥት ባሕሩን የያዘውን ሰው ማወቅ እንደሚገባው ስለ ተረዱ ነው። እንግዲህ ስለ መርከብ መናገራችን ከአያቶቻችን ጉዳይ ወጥተን አይደለም።

አሁን ወደ መርከቧ እንመለስ። ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበረ። ነገር ግን ስትወለድ የወጣላት ስም ይህ አልነበረም። በአሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት፤ ከሲያትል ከተማ አጠገብ ባለው በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር በሚገኝ የመርከብ መሥሪያ ቤት ሥራዋ በሐምሌ 1934 ዓ.ም. ተጀመረ። መስከረም 24 ቀን 1935 ዓ.ም. ውሃ ላይ ወረደች። ጥር 14 ቀን 1936 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካን ባሕር ኃይል አገልግሎት ጀመረች፤ ስሟም በአላስካ ጠረፍ በሚገኝ አንድ የባሕር ወሽመጥ ስም «ኦርካ» ተባለ። ይህች የጦር መርከብ ሥራዋ የተጀመረው በባሕር ዳር ሳይሆን በሐይቅ ዳር መሆኑን ልብ በሉልን። ከሐይቁ ወደ ባሕር የወጣችው ሰው በቈፈረው ቦይ ነው። ይህን ነገር በኋላ እናነሣዋለን።

ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነበረ፤ ይህም ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ጥቂት የሚያንስ ነው። ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፤ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ክብደቷ 2,750 ቶን ገደማ ይደርስ ነበር። በናፍጣ በሚሠሩ ሞተሮቿ በሰዓት 18 የባሕር ማይል፤ ማለት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዝ ነበር። ዋናው መሣሪያዋ የአፈ ሙዙ ስፋት 127 ሚሊ ሜትር የሆነ መድፍ ነበረ። ሆኖም የተሠራችው ለመድፏ አልነበረም። የተሠራችው ለባሕር አውሮፕላኖች እናት እንድትሆን ነው።

የባሕር አውሮፕላን የሚባለው ከውሃ ላይ ተነሥቶ ውሃ ላይ የሚያርፍ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ በሌለበት ደሴትና ጠረፍ ሁሉ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ቤንዚን የሚሰጠው፤ ሲሰበር የሚጠግነው፤ ለአብራሪዎቹም እንጀራና መኝታ የሚያዘጋጅላቸው ይፈልጋል። «ኦርካ»ና እንደ እርስዋ ያሉት መርከቦች የሚሠሩት ይህንኑ ነበር። ወደ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው አካላቸው 4 ሜትር ያህል ብቻ እንዲሆን የተደረገውም በትንንሽ ወሽመጦች ገብተው እንዲያድሩ ተብሎ ነው። ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር እንደምትሰበስብ አውሮፕላኖቻቸውን በዙሪያቸው ይሰበስቡ ነበር።

«ኦርካ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ውቅያኖስ በኒው ጊኒና በፊሊፒን ደሴቶች አገለገለች። ከዚያ ዘመን ታሪኳ አንዱን ብቻ ብንነግራችሁ ይበቃል። ኅዳር 24 ቀን 1937 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ በኦርሞክ ወሽመጥ «ኩፐር» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በጃፓኖች ቶርፒዶ ተመታ ሰጠመች። 191 ሰዎች ሞቱ። የቀሩት በጠላት በተያዘ ጠረፍ አጠገብ በውሃ ላይ ሲዋኙ ነጋባቸው። ከ«ኦርካ» ጋር ይሠሩ የነበሩ ካታሊና የሚባሉ የባሕር አውሮፕላኖች በጠራራ ፀሐይ፤ ጠላት እያያቸው፤ ከሰዎቹ መካከል አረፉ። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ ከራሱ ሠራተኞች በቀር 56 ሰዎችን ከውሃ አውጥቶ ጫነ። ይህ አውሮፕላን እንዲህ ያለውን ሸክም ይሸከማል ብሎ ማንም አልሠራውም ነበር፤ በውሃው ላይ ረዥም መንገድ ከሮጠ በኋላ ግን ተነሣ። የጦር መርከብ ታሪክ ሁልጊዜ የተገደለውን በመቍጠር ይነገራል። እኛ ግን የዳነውን መቍጠር መርጠናል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መርከቧ በ1938 ዓ.ም. በቢኪኒ ደሴት በተደረገው የአቶም ቦምብ ሙከራ ላይ ተገኝታ ነበር። በጥቅምት 1940 ዓ.ም. ከአገልግሎት ተገለለች፤ በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረች፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ተገለለች። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ በሥራ ላይ የቈየችበት ዘመን ሁሉ ቢደመር 12 ዓመት ያህል ነው።

በዚህ ጊዜ በእኛ አገር ምን ይደረግ ነበር? በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር፤ አገራችን የምጽዋንና የአሰብን ወደቦች አገኘች። ጠረፍ ያለው መንግሥት ጠባቂ ያስፈልገዋልና፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 የባሕር ኃይል ተቋቋመ። የኖርዌይ መኰንኖች ለማስተማር መጡ። የባሕር መኰንኖች ኮሌጅ በአሥመራ ተከፈተ፤ ዋናው የጦር ሰፈር ደግሞ በምጽዋ ሆነ። አሥመራ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። እንግዲህ የኢትዮጵያ የባሕር መኰንን የመጀመሪያ ትምህርቱን የተማረው በደጋ ላይ፤ እንደ እኛ ብርድ እየመታው ነው ማለት ነው። ዕጩ መኰንኖቹም እንደ እኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጽመው የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ከነሱም ብዙዎቹ ባሕር የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት በዓይናቸው አላዩም ነበር።

የዚህ ባሕር ኃይል ምክትል ዋና አዛዥ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ፤ የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ፤ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ናቸው። በጥር 1954 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት «ኦርካ»ን ለኢትዮጵያ በውሰት ሰጠ። ስሟም ተለውጦ «ኢትዮጵያ» ተባለች። በባሕር ኃይሉ ካሉት መርከቦች ሁሉ ትልቋ ስለ ሆነች የአዛዡ መርከብ እርስዋ ሆነች፤ የዕጩ መኰንኖች ማሠልጠኛም ሆነች። በኋላም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 አሜሪካኖቹ ለኢትዮጵያ ሸጧት።

የማሠልጠኛ መርከብ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት እንበል። ትምህርት ቤት ነው፤ ነገር ግን ደወል ተደውሎ ወደ ቤት የማይኬድበት ትምህርት ቤት ነው። ሌሊትና ቀን በየአራት ሰዓቱ ተረኛው ይለወጣል። ተማሪው በክፍል የተማረውን ሒሳብ በዚያ በፀሐይና በከዋክብት ከፍታ ይፈትነዋል፤ መርከቧ ያለችበትን ቦታ በካርታ ላይ በነጥብ ያሳያል። ነጥቡ ከተሳሳተ አስተማሪው በቀይ እርሳስ አያርመውም፤ ኮራል ድንጋይ ያርመዋል። የዳሕላክ ደሴቶች ባሕር ደግሞ በእንዲህ ያለ ድንጋይ የተሞላ ነው። ሌላው ከታች በሞተር ክፍል ውስጥ፤ ከቀይ ባሕር ሙቀት ላይ የሞተሩ ሙቀት ተጨምሮበት፤ ዘይትና ናፍጣ ሲቈጣጠር ይውላል። የባላባት ልጅም ሆነ የድኻ ልጅ ያው ወለል ይጠርጋል፤ ያው ገመድ ይስባል። በአንድ መርከብ ላይ ያለ ሁሉ አብሮ ይደርሳል፤ ወይም አብሮ ይሰጥማል።

በየዓመቱ በምጽዋ የባሕር ኃይል ቀን ይከበር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ወደ ምጽዋ ወርደው ለተመረቁት መኰንኖች ዲፕሎማ ይሰጡ ነበር። ከምዕራብም ከምሥራቅም የታላላቅ መንግሥታት የጦር መርከቦች ለእንግድነት ይመጡ ነበር። እርስ በርሳቸው በዓይነ ቍራኛ የሚተያዩት ኃያላን በአንድ የኢትዮጵያ ወደብ ጎን ለጎን መልሕቃቸውን ጥለው መታየታቸው በእውነት ለአገራችን ክብር ነበረ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳናጐድል መናገር ይገባናል። «ኢትዮጵያ» በጥር 1954 ዓ.ም. ስትሰጠን፤ በኤርትራ የመጀመሪያው ጥይት ከተተኰሰ ገና አምስት ወር ነበር፤ ይህም ነሐሴ 1953 ዓ.ም. ነው። መርከቧ በመጣችበት ዓመት ማግሥት፤ ኅዳር 1955 ዓ.ም. ላይ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ እስከ 1983 ዓ.ም. ቀጠለ። መርከቧም የኢትዮጵያን ስም ይዛ ያገለገለችው እስከዚያው እስከ 1983 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁለቱን ዘመን ጐን ለጐን በሰሌዳ ላይ ጽፈን ስናየው ተደነቅን። መርከቧ ስማችንን ተሸክማ የኖረችበት ዘመን ሁሉ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ከወደቧ ጀርባ ባለው ምድር ወንድማማቾች የሚተላለቁበት ዘመን ነበረ።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ። ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። የኖርዌይና የአሜሪካ ወዳጅነት ቀርቶ የሶቪየት ኅብረት ወዳጅነት ተተካ፤ አዲሶቹም መርከቦች ከዚያ መጡ። ከሰንደቅ ዓላማው ላይ አንበሳው ወረደ። በመርከቧ ጐን የተጻፈው ስም ግን አልተለወጠም። መንግሥት ሲለዋወጥ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም የሚፍቅ አልተገኘም። እኛም ከዚህ የተማርነው፤ የአገር ስም ከሁሉ መንግሥት ዕድሜ እንደሚረዝም ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ሠራዊት ተያዘች። የባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈሩን አጣ። ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ሲያዝ፤ የተረፉት መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ»ም ከነሱ ጋር ሄደች። ከመርከበኞቹ ብዙዎቹ በየመን በስደት ለረዥም ዓመታት ቀሩ። በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ሆነች፤ አገራችንም ያለ ወደብ ቀረች። በአውሮፓ አቆጣጠር በዚያው በ1993 «ኢትዮጵያ» ለብረቷ ተሸጠች፤ ተቈራርጣም ጠፋች። ውሃ ላይ ከወረደች 51 ዓመት ሆኗት ነበር። ባሕር ኃይሉም ራሱ በ1988 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የቀሩትም መርከቦች ለጨረታ ቀረቡ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይህን ታሪክ በክፍላችን ባነበብን ጊዜ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወገን እንዲህ አለ፤ «ድኻ አገር የጦር መርከብ ምን ያደርግላታል? ለመርከቧ ናፍጣ የወጣው ገንዘብ ስንት ትምህርት ቤት በሠራ ነበር! በመጨረሻስ ምን ተረፈን? ባዕድ አገር ሄዳ ብረት ሆነች።» ይህ ቃል በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፤ «ጠባቂ የሌለው በር የማንም መግቢያ ነው፤ ዛሬ ወደብ አጥተን የምንከፍለው ኪራይ መርከቧ ከበላችው ናፍጣ ይበልጣል» ሲል መለሰ። ይህም እውነት አለበት።

እኛ ግን ነገሩን መርምረን ሦስተኛ ሐሳብ ላይ ደረስን። ምጽዋ የጠፋችው መርከብ ስላልነበረን አይደለም፤ መርከብ ነበረን። መድፍ ስላልነበረንም አይደለም፤ መድፍ ነበረን። መርከብ በባሕር በኩል የሚመጣውን ጠላት ትጠብቃለች። ወደቡን ከጀርባው የሚጠብቀው ግን በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ፈቃድ ነው። ያ ፈቃድ ሲጠፋ 2,750 ቶን ብረት ቀርቶ መቶ ሺሕ ቶንም ቢቈም ወደቡን ሊይዘው አይችልም። መርከቧ በዚያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ በማዕበል አልሰጠመችም፤ በባዕድ መንግሥት መርከብም አልተመታችም። መሬት ላይ መግባባት ስላቃተን ወደብ አጣች። ይህን የምንለው የሞቱትን ለመውቀስ አይደለም፤ ከሁለቱም ወገን የሞቱት ወጣቶች በእኛ ዕድሜ የነበሩ ናቸው። የምንለው እኛ ነገ ኃላፊነት በምንቀበልበት ጊዜ እንዳንደግመው ነው።

ምን ተረፈን ለተባለውም መልስ አለን። የተረፈው ዕውቀት ነው። ብረት ይቈራረጣል፤ የተማረ ሰው ግን ትምህርቱን ይዞ ይሄዳል። የኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች ድርጅት ያለ ወደብ ከቀረንም በኋላ በጅቡቲ በኩል መሥራቱን አላቋረጠም፤ ሰንደቅ ዓላማችንም በውቅያኖስ ላይ መታየቱን አልተወም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የተከፈተው የማሪታይም ትምህርት ቤት ከየክልሉ የመጡ ወጣቶችን የመርከብ ሞተር ትምህርት እያስተማረ በዓለም መርከቦች ላይ እንዲሠሩ አድርጓል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ኃይሉ እንደገና እንዲቋቋም መንግሥት አስታወቀ፤ በ2011 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተደረገ። «ኦርካ» በሐይቅ ዳር መሠራቷን ልብ በሉልን ያልነው ስለዚህ ነው። ከሐይቅ ዳር ተነሥቶ ውቅያኖስ መድረስ ይቻላል። የሚያስፈልገው ቦይ ነው፤ ቦዩም በጥበብ፤ በትዕግሥትና ከጎረቤት ጋር በመስማማት ይቈፈራል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የአንድ ክንድ ጠረፍ ሳይኖራቸው ከአንኮበር ሆነው ከባሕር ማዶ ነገሥታት ጋር የተላላኩት በዚህ ዓይነት ነው።

ስለዚህ እናንተ ከእኛ በታች ባሉት ክፍሎች የምትገኙ ወንድሞችና እኅቶች፤ ሒሳብና ጂኦግራፊ ለፈተና ብቻ የሚጠና አይምሰላችሁ። አንድ የደጋ ልጅ በምጽዋ ባሕር ላይ የመርከብን ቦታ በኮከብ የለካው በሰሌዳ ላይ በተማረው ማዕዘን ነው። እናንተ ወላጆቻችንም ገብስና ባቄላ ሸጣችሁ ደብተር ስትገዙልን፤ ልጃችሁ የት እንደሚደርስ ከዚህ ሆናችሁ ልታዩት አትችሉም፤ የዚያን ጊዜ ወላጆችም አላዩም ነበር። መምህሮቻችን ሆይ፤ እናንተ የሠራችኋት መርከብ ይህች ትምህርት ቤት ናት። እኛ ዘንድሮ ከርስዋ እንወርዳለን፤ እርስዋ ግን ሌሎችን አሳፍራ ጕዞዋን ትቀጥላለች።

እግዚአብሔር አገራችንን ይጠብቅ፤ ከጎረቤቶቿም ጋር በሰላም ያኑራት።